መጋረጃ ሻጩና የቡሹሎ ተከላካዮች

ሸዋንግዛው ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ መጋረጃ ይሸጣል። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በጣቃ የተሞላ ነው፤ ጥጉ ላይ የመጋረጃ ብረቶች ተደግፈዋል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ አጭርና ደንደን ያለ ሰው ይቆማል። ሸዋንግዛው ማለት እሱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ አንዲት ኳስ ቅርጫት ውስጥ አስገብቶ አያውቅም። ድሮ አንድ ቀን ሞክሮ ነበር፤ ኳሱ ቅርጫቱንም ሰሌዳውንም ስቶ ከአጥር ውጭ የቆመ ባጃጅ ላይ አረፈ፣ ባለባጃጁም ወርዶ የሚለውን ሁሉ አለው። ከዚያ ወዲህ ሸዋንግዛው ቅርጫት ኳስን የሚጫወተው በምክር ብቻ ነው። ምክሩ ደግሞ አያልቅም።

ለጨዋታው እንዲህ የተለከፈው በልጁ በሃሴት ምክንያት ነው። ሃሴት በቁመቷ እናቷን መስላ፣ ገና ትምህርት ቤት ሳለች አባቷን ቁልቁል ማየት ጀመረች። ፒያሳ ኮከብ ለሚባለው የሴቶች ቡድን ስትመረጥ ሸዋንግዛው፣ «ረጅም ሰው ቤት ውስጥ ስንት ሥራ አለው፤ ኳስ ምን ያደርግላታል?» ብሎ አጉረመረመ። እናቷ በግድ ጎትታ አንድ ጨዋታ አሳየችው። ሃሴት ኳስ ነጥቃ ብቻዋን ሮጣ ስታገባ ሸዋንግዛው ከመቀመጫው ተነሣና በጣም ስለጮኸ ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ ሰው ተጎድቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታ ባለ ቁጥር ሱቁን ይዘጋል። በሩ ላይ «መጣሁ» የሚል ወረቀት ይለጥፋል፤ የሚመጣው ግን በማግስቱ ነው።

ዘንድሮ ፒያሳ ኮከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ማለፍ ደረሰ። የገጠመው ቡድን ከሐዋሳ ዳር የመጣው የቡሹሎ ጮራ ነው። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ወደ ፍጻሜ ያልፋል። የመጀመሪያውን ያየ ሰው ቅርጫት ኳስ ሳይሆን የሚኒባስ ሰልፍ ያየ ይመስለዋል። የቡሹሎ ልጆች አምስቱም ቅርጫታቸው ስር ተጠጋግተው፣ እጃቸውን ሰቅለው ቆሙ። መሃላቸው ህሊና የምትባል ትከሻዋ የሰፋ ልጅ አለች፤ የፒያሳ ልጆች ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር እሷ ላይ ተላትመው ይመለሳሉ። ከሩቅ ሲወረውሩ ደግሞ ኳሱ አንዴ ደጋፊ ላይ፣ አንዴ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ሸዋንግዛው «ግቢ! ውጪ! ወርውሪ! አትወርውሪ!» እያለ ከጮኸ በኋላ ድምፁ ተዘግቶ ቀረ። ፒያሳ ክፉኛ ተሸነፈ።

በማግስቱ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ምሳ ሊበላ ወረደ። አንደኛው ከሱቁ አጠገብ ጫማ የሚሸጠው ሰኢድ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ሲናገርም ሰው አይሰማውም። ሁለተኛዋ ታቢታ ናት፤ ከመንገዱ ማዶ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፣ በተማሪነቷም ቅርጫት ኳስ ተጫውታለች። የተጠበሰ ዓሣ ከዳጣ ጋር ቀርቦ ሳለ ክርክሩ ጀመረ።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ ሸዋንግዛው በሻከረ ድምፁ። «ተንደርድሮ መሃላቸው መግባት! ሲገፉ ይበተናሉ።»

«ጋሽ ሸዋ፣ ትናንት ሙሉ ቀን ተንደረደሩ እኮ» አለች ታቢታ። «ህሊና እንደሆነች ንቅንቅ አላለችም። ከሩቅ የሚያገባ ሰው ነው የሚያስፈልገን። አንድ ሁለት ካገቡባቸው ሳይወዱ በግድ ይወጣሉ።»

«ከሩቅ ማን ያገባል?»

ታቢታ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። በፒያሳ ኮከብ ውስጥ ከሩቅ የሚያገባ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ሃሴት ከማዕዘን የምትወረውረው በልምምድ ቀን እንኳን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ሌላ ሜዳ ላይ ነው።

«እነሱ ሄደው ሳይሰለፉ ቶሎ መድረስ ነው» አለ ሰኢድ። ማንም አልሰማውም።

አጠገባቸው አንድ ሰው ዓሣ እየከፈተ ያጸዳል። ዙሪያውን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትከሻቸውን ሰብቀው፣ መላጣ ጭንቅላታቸውን አዘንብለው ከበውታል። ከኋላቸው አንዲት ትንሽ ነጭ ወፍ በቀኝ ብትል በግራ ብትል መግቢያ አጣች። ሰኢድ የዓሣ ጭንቅላት አንሥቶ ራቅ አድርጎ ወረወረ። አባ ኮዳዎቹ በሙሉ ክንፋቸውን እያራገቡ ወደዚያ ሮጡ። ትንሿ ወፍ ዘው ብላ ገባችና የፈለገችውን ይዛ በረረች።

ሸዋንግዛው ጉርሻው በእጁ እንዳለ ብድግ አለ። «አያችሁ? ማዕዘን ላይ የሚያጓጓ ነገር ማስቀመጥ ነው! እነሱ ወደዚያ ሲወጡ መሃሉ ባዶ!»

«እኔ ያልኩት እኮ ይህንኑ ነው» አለች ታቢታ።

«አንቺ በቃል ነው ያልሽው፤ እኔ በዓይኔ አየሁት።»

ነገሩን ለማረጋገጥ ከራሱ ሳህን ቁራሽ አንሥቶ ወረወረ። መወርወር አይሆንለትምና ቁራሹ እግሩ ስር ወደቀ። አንድ ግዙፍ አባ ኮዳ ቀስ ብሎ መጥቶ ዋጠውና ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አልነቅል አለ። ሸዋንግዛው ሳህኑን ከራሱ በላይ ይዞ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ወፉ እርምጃውን እየጠበቀ ተከተለው። ወንበሩን ዞረ፤ ወፉም ዞረ።

«ይኸው ተከላካዩ ወጣልህ» አለ ሰኢድ።

በነጋታው ሸዋንግዛው ሱቁን ሜዳ አደረገው። የመጋረጃ ብረቶቹን በየጣቃው መሃል ገትሮ የቡሹሎ ተከላካዮች አላቸው። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሳፋ ሰቅሎ ቅርጫት አደረገ፤ ጥቅልል ጨርቅ ደግሞ ኳስ ሆነ። ታቢታን መሃል አቆማት፤ ሰኢድን ማዕዘን ላይ አስቀምጦ «አንተ ሃሴት ነህ» አለው። ሰኢድ ሃሴት በመሆኑ አልተከፋም። የጎደለው ህሊናን የሚሆን ሰው ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ብረቶቹ ገፋ ሲያደርጓቸው ይወድቃሉ።

በዚያው ሰዓት አንዲት እናት ወደ ሱቁ ገቡ። ሰፊ ናቸው፣ ቢጫ ሻሽ አስረዋል። «ልጄ፣ ለሳሎን የሚሆን ሐምራዊ መጋረጃ አለህ?» አሉ።

«አለ እማማ፣ ሁሉም አለ። ግን ስለ እግዚአብሔር ብለው አንድ ጊዜ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ።»

«ምን ልሁንልህ?»

«ተከላካይ። እኔ ይህን ጨርቅ እዚያ ሳፋ ውስጥ እንዳልከት መከልከል ነው።»

ስማቸው እማማ ወርቄ ነው። ቦርሳቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሳፋው ስር ቆሙ። ሸዋንግዛው ጥቅልሉን ታቅፎ ተንደረደረ። እማማ ወርቄ ምንም አላደረጉም፤ ቆሙ ብቻ። ሸዋንግዛው በጀርባው የስስ ጨርቅ ክምር ውስጥ ገባ፤ ሁለት ብረቶች ከላዩ ወደቁበት።

«ፋውል ነው!» አለ ከክምሩ ውስጥ።

«እኔ ምን ነካሁህ? አንተ ነህ የመጣህብኝ» አሉ እማማ ወርቄ።

ታቢታ በሳቅ ብዛት መደርደሪያውን ተደግፋ ነበር። «ልክ ናቸው፤ ፋውሉ የእርስዎ ነው ጋሽ ሸዋ» አለች።

እማማ ወርቄ ነገሩ ጣማቸው። መጋረጃውን ረስተው ይጠይቁ ጀመር። «ታዲያ እኔን ከዚህ እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታስወጡኝ?»

ሸዋንግዛው ልብሱን እያራገፈ በኩራት አስረዳቸው። «ማዕዘኑ ላይ ልጄ ሃሴት ትቆማለች። ኳሱ ለእሷ ይሰጣል። እርስዎ እሷን ሊከላከሉ ሲወጡ መሃሉ ይከፈታል።»

«ባልወጣስ?»

«ትወረውራለቻ።»

«ጎበዝ ናት?»

ሰኢድ ጣሪያውን አየ። ሸዋንግዛው ግን አባት ነው። «ሃሴት?» አለ፤ «እሷ እኮ አትስትም!»

እማማ ወርቄ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሐምራዊ መጋረጃቸውን አስለክተው፣ መርቀውት ሄዱ።

የሁለተኛው ጨዋታ ዕለት ሸዋንግዛው ጨዋታው ከመጀመሩ ቀደም ብሎ ደረሰ። ቦታውን ይዞ ቀና ሲል ከሜዳው ማዶ፣ በቡሹሎ ደጋፊዎች መሃል፣ ቢጫ ሻሽ አየ። እማማ ወርቄ ናቸው። ህሊና ከሜዳ ሮጣ መጥታ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያም አምስቱ የቡሹሎ ልጆች ከበዋቸው ቆሙ፤ እማማ ወርቄ በሲዳምኛ እያስረዱ በጣታቸው ማዕዘኑን ጠቆሙ። ከዚያ ሃሴትን ጠቆሙ። በመጨረሻም ሸዋንግዛውን አይተው በደስታ እጃቸውን አውለበለቡለት።

«የህሊና አያት ናቸው» አለ ሸዋንግዛው፤ ፊቱ ነጭ ጨርቅ መሰለ። «ሰኢድ፣ ዕቅዱን በሙሉ እኔው በአፌ ሰጠኋቸው።»

ሮጦ ወደ አሰልጣኟ ወደ ዕፀገነት ሄደ። «አሰልጣኝ፣ ጉድ ሆንን! ዕቅዳችንን አውቀውታል፣ ቀይሪው!»

ዕፀገነት የስፖርት መምህርት ናት፤ የወላጅ ምክር ለምዳዋለች። «የትኛውን ዕቅድ ጋሽ ሸዋንግዛው?»

«የማዕዘኑን! አባ ኮዳዎቹን የምናስወጣበትን!»

ዕፀገነት ወንበር ሳበችለት። «እባክዎ ይቀመጡ፤ ውሃም ይጠጡ» አለችው።

ጨዋታው ተጀመረ። ሃሴት እንደ ልማዷ ማዕዘን ላይ ቆመች፤ ኳሱ ገና እጇ ሳይገባ ህሊናና ሌላ አንዲት ልጅ ከቅርጫቱ ስር ተፈትልከው መጥተው ፊቷ ተገተሩ። ሃሴት ግራ ገባት። እዚያ ቦታ ላይ ማንም ተከላክሏት አያውቅም። ዞር ስትል ሳያት የምትባለው የቡድኗ ትንሿ ተጫዋች ባዶ በሆነው መሃል ብቻዋን ቆማለች። ኳሱን ሰጠቻት፤ ሳያት አገባች። እንደገናም እንዲሁ ሆነ። ህሊና ወደ ቅርጫቱ ልትመለስ ስትል እማማ ወርቄ ከማዶ ተነሥተው፣ «እሷን እንዳትለቂ! አትስትም!» ብለው ይጮኻሉ፤ ህሊናም አያቷን ሰምታ ሃሴት ላይ ትጣበቃለች።

ሸዋንግዛው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበርና የሆነውን የነገረው ሰኢድ ነው። «ቀና በል፤ እየመራን ነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ውሸትህን አምነውት።»

ሸዋንግዛው በጣቶቹ መሃል አጮለቀ። ሃሴት ማዕዘን ላይ ሁለት ልጆች ይዛ ቆማለች፤ ሳያት መሃሉን የግል መንገዷ አድርጋዋለች። ቀስ ብሎ እጁን አወረደ፣ ቀስ ብሎ ደረቱን ነፋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጎኑ ላሉት ሁሉ፣ «ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው» እያለ ነበር።

ፒያሳ አሸነፈ። ሰው ሲበተን እማማ ወርቄ ቀጥ ብለው መጥተው ፊቱ ቆሙ።

«አንተ መጋረጃ ሻጭ! አትስትም አላልከኝም?»

ሸዋንግዛው ወደ ኋላ ፈቀቅ ሊል ሲል አጥሩ ያዘው። «ብያለሁ እማማ» አለ። «ዛሬስ መቼ ሳተች? አንድም አልወረወረችም እኮ።»

እማማ ወርቄ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገሩን መልሰው አሰቡትና ሳቅ ቀደማቸው። «ሁለተኛ አላምንህም» አሉት፤ «መጋረጃህ ግን ቆንጆ ነው።»

እንዳሉትም ሦስተኛው ጨዋታ ላይ አላመኑትም። የቡሹሎ ልጆች ተመልሰው ቅርጫታቸው ስር ታጨቁ፤ ሃሴትን ማዕዘን ላይ ብቻዋን ተዉአት። በዙሪያዋ አልጋ የሚዘረጋ ቦታ ነበር። ወረወረች፤ ሳተች። ደግማ ወረወረች፤ የቅርጫቱን ብረት መትቶ ተመለሰ። ሜዳው ሙሉ የሳቀባት መሰላት። ዕፀገነት ግን፣ «አታቁሚ፤ ወርውሪ» አለቻት። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንዱ ገባ። ሸዋንግዛው ሊጮኽ ሲነሣ እንባ ቀደመው። ሌላም ገባ። ግን ጊዜው አለቀና ቡሹሎ በጥቂት ነጥብ በልጦ አለፈ።

አባትና ልጅ ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ። ሃሴት ቦርሳዋን አቅፋ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።  ሸዋንግዛው ሶፍት ገዝቶ ሰጣት። ስለ ክንዷ፣ ስለ እግሯ አቋቋም፣ ስለ ዳኛው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሃሴት ከቤታቸው በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችው።

«አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ምንም አልመከርከኝም እኮ።»

«ሁለቱን አገባሽ» አለ። «እኔ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለኝም።»

በማግስቱ ጠዋት ሃሴት ኳስ በብብቷ ይዛ ከአባቷ አልጋ ግርጌ ቆመች። «ተነሣ። ከማዕዘን ልለማመድ ነው፤ ኳስ የሚያቀብለኝ ሰው እፈልጋለሁ። ምክር ግን አይፈቀድም።»

ተስማማ። ሜዳ ሲደርሱ የመጀመሪያው ውርወራ ሆዱ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አጥር ዘሎ እያሯሯጠ ወሰደው። ሸዋንግዛው እያለከለከ ተመልሶ፣ «ክንድሽን ትንሽ ከፍ…» ሲል ሃሴት፣ «አባዬ!» አለችው። «እሺ፣ እሺ» ብሎ ኳሱን በሁለት እጁ አቀበላት።

አሁን የመጋረጃ ሱቁ የሚከፈተው አርፍዶ ነው። ደንበኞች መጥተው በሩን ሲያንኳኩ ሰኢድ ከጫማዎቹ መሃል ብቅ ብሎ፣ «ሥራ ላይ ነው፤ ኳስ ሊያመጣ ሄዷል» ይላቸዋል።