የቡሌው ድንጋይ የተሰነጠቀበት ሳምንት

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ዲላ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አናናስ ስልጥ ወንበሬ ከሥሬ ተነቃነቀ። መጀመሪያ ከባድ መኪና ያለፈ መሰለኝ። ከዚያ የቁም ሣጥኑ ብርጭቆዎች ተንጫጩ፣ ውሻው አልጋ ሥር ገባ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ሰፈርተኛው ደጅ ወጥቶ ያወራ ጀመር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የፈራሁ መምሰል አልፈለግኩም፤ አናናሴን መላጥ ቀጠልኩ። ስልኬ ጮኸ። ከዓመታት በኋላ ቡሌ ወላጆቻችን ቤት ተመልሳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ታደለች ነበረች።

«ድንጋይ ሰባሪው፣ ደህና ነህ?» አለችኝ።

ይህ ስም የወጣልኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ ዲላ እየተማርኩ በዕረፍት ወደ ቡሌ እወጣ ነበር። ከሙቀቱ ወደ ብርዱ፣ መኪና እስከሚገኝበት በመኪና፣ የቀረውን በእግር። ዳገቱ ሲጀምር ቡናው እየሳሳ ይሄዳል፣ እንሰቱ ይበዛል፣ አየሩም አፍንጫ ይቆነጥጣል። የዚያን ዓመት የጥር ዕረፍት ታደለች የምትዳርበት ነበር። ሙሽራው የዲላ ልጅ ነው፣ በመኪና ይመጣል ተብሏል።

ችግሩ አንድ ነበር። በክረምቱ ከጋራው የተንከባለለ፣ ከበሬ የሚበልጥ ጥቁር ድንጋይ ወደ ቤታችን በሚያስገባው መንገድ መሐል ተጎልቶ ቀርቷል። በአንድ ወገን ቦይ፣ በሌላው የጎረቤት እንሰት ስላለ ማለፊያ የለም። ከዚያ ወዲህ በዚሁ መንገድ የተዳሩት ሁለቱ የአክስቴ ልጆች መኪናው ከሩቅ ቆሞ በእግራቸው ነበር የሄዱት። እናቴ የእኔ ልጅ እደጃፏ ነው የምትሳፈረው ብላ ለአገር ምድሩ ተናግራለች። ድንጋዩ ካልተነሣ እናቴ መሳቂያ መሆኗ ነው።

አባቴ ከዱመርሶ መንደር አባባ ዱካሌ የሚባሉ ድንጋይ ፈላጭ አስመጣ። ሽማግሌው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ በመዶሻ ጫፍ ቆርቆር እያደረጉ ድምፁን አዳመጡ፣ በከሰል አንድ መስመር አሰመሩበት። ሁለት ቀን ሙሉ በመሮ መስመሩን ተከትለው ጉድጓድ ቆፈሩ። በየጉድጓዱ ከምድጃ በላይ ሲደርቅ የከረመ የእንጨት ሽብልቅ መትተው አስገቡ፣ ላዩን በቃጫ ሸፈኑና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ውሃ ስጣት። ጠዋት አንድ ጆግ፣ ማታ አንድ ጆግ። እንጨቷ ጠጥታ ታብጣለች፣ ድንጋዩን ትገፋለች። መዶሻ አትንካ፣ እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

እኔ ደግሞ ከሁሉ የበለጥኩ አዋቂ ነበርኩ። መምህራችን ክፍል ውስጥ የቀርከሃ ፍልጥ ቀስ እያለ አጉብጦ አሳይቶናል። ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ ቻለ፣ ከዚያ በአንዲት ትንሽ ግፊት ቀጭ አለ። የመሬት ዓለትም እንዲሁ ነው አለን፤ ለብዙ ዘመን ይወጠራል፣ ይችላል፣ አንድ ቀን በደካማው መስመር ይሰበርና የተጠራቀመው ኃይል ሲለቀቅ ምድር ይንቀጠቀጣል። ፈተናው ላይ ይህን አሳምሬ ጽፌያለሁ። ነገር ግን ዓለት የሚወጥረው የምድር ኃይል ነው እንጂ አንድ ጆግ ውሃ ምን ያደርጋል ብዬ ናቅኩት። በመጀመሪያው ቀን አጠጣሁ። በሁለተኛው ቀን ብርዱ ከብርድ ልብስ አላስወጣኝም። ከዚያ በኋላ ተውኩት። በዚያ ሳልፍ ቃጫው ርሶ አየው ነበር፤ የቡሌ ጭጋግ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት የሠርጉ ዳስ ተተክሎ አልቋል፣ ድንጋዩ ግን እንዳለ ነው። እናቴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። በራሴም በሽማግሌውም ተናድጄ የአባቴን መዶሻ አነሣሁና ሄጄ መካከለኛውን ሽብልቅ መታሁት። ምንም የለም። እንደገና መታሁት፣ ያውም ቀስ ብዬ። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ጧ አለና መሬቱ እግሬን ከሥር መታኝ። የጎረቤት ቆርቆሮ ተንኳኳ። ከአጥሩ ማዶ ባለው ጸሎት ቤት የሠርጉን መዝሙር ሲለማመዱ የነበሩት ዘማሪዎች ዝም አሉ፣ ወዲያው ምድር ተንቀጠቀጠ እያሉ ተግተልትለው ወጡ። ያገኙት ግን ለሁለት በተከፈለ ድንጋይ መሐል መዶሻ ይዤ የቆምኩትን እኔን ነው። ተሸክመውኝ ጨፈሩ። ድንጋይ ሰባሪው ተባልኩ፣ እኔም እሺ አልኩ።

ቅዳሜ አባባ ዱካሌ መጥተው የተሰነጠቀውን ፊት በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ውሃውን ሳትሰለች ሰጥተሃታል። ጎበዝ ልጅ ነህ» አሉኝ።

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ሰዎች ግማሾቹን ድንጋዮች በዲጂኖ መግፋት ጀመሩ፣ እኔም አብሬ ገፋሁ። እሑድ መኪናው እደጃፍ ድረስ መጣ። እናቴ እልል አለች። ለእኔ በቅቤ የራሰ ቆጮ ከክትፎ ጋር ለብቻዬ ቀረበልኝ፤ ጣፋጭ ነበር፣ እንዳልሠራሁበት ግን አውቅ ነበር።

ማክሰኞ በስልክ ይህን ሁሉ ለታደለች ነገርኳት። ምናልባት ንዝረቱ ሆዴን አባብቶት ይሆናል። ውሃውን አላጠጣሁም፣ ጭጋጉ ነው የሠራው፣ እኔ የነካሁት ያለቀለትን ነው አልኳት። በሌላው ጫፍ ሳቋ አላቆም አለ።

«ጭጋግ ጉድጓድ ሲሞላ የት አይተሃል? ጠዋትም ማታም እኔ ነበርኩ የማጠጣው።»

«ሙሽራ ከቤት አትወጣም እየተባለ?»

«ነጠላ ተከናንቤ። መኪናው እንዲገባ ከእማዬ ይልቅ የምፈልገው እኔ አልነበርኩም እንዴ? አንተ ደግሞ ተኝተሃል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተሸክመውህ ሲጨፍሩ በመስኮት አየሁህ። እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ አናናሴ ተመለስኩ። ስንቱን ተማሪ፣ የመጨረሻዋን ምት ብቻ አትዩ፣ ከእሷ በፊት ማን ሲገፋ እንደነበር ጠይቁ እያልኩ አስተምሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አፍሬያለሁ፣ ግን ደስ የሚል እፍረት ነው።

ከድንጋዩ አንዱ ግማሽ አሁንም ቡሌ በራችን ላይ አለ፣ መቀመጫ ሆኗል። ቅዳሜ አናናስ ይዤላት እወጣለሁ። ከሩቅ ሳያት፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ድንጋይ ሰባሪዋ ብዬ እጠራታለሁ።