ፀሐይ ላይ የተሰጣው ባትሪ

ዛሬ ጠዋት የስልኬን ጀርባ ስከፍት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ባትሪው አብጧል። ሽታው ልጅ ሳለሁ እዚሁ ሰበታ ያሳለፍነውን አንድ ቀን አመጣብኝ።

የማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ ነው። መብራት ጠፍቷል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ለሥራ ተፍኪ ከተማ የሄደው አባዬ ሳይመለስ አድሯል። የእማዬም ስልክ ባትሪ ጨርሷል። እማዬ የራዲዮ ድንጋይ ሲደክምባት ፀሐይ ላይ ማስጣት ልማዷ ነበርና የስልኩንም ባትሪ አውጥታ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አሰጣችው። ከሰዓት ስናወርደው እንደ ትራስ ተነፍቷል።

"አትንኩት! ከተበሳ ይነዳል!" አሉ ስልክ ጠጋኙ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ። በጥንቃቄ አንስተው አሸዋ ያለበት ባልዲ ውስጥ ከተቱት። "ይሄ እኮ ድንጋይ አይደለም፣ ሊቲየም ፖሊመር ነው" አሏት እማዬን። "ቻርጅ ስታደርጊው ሊቲየሙ መሃል ላይ ያለችውን ስስ ፕላስቲክ አልፎ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ስትጠቀሚበት ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሲግል ግን ውስጡ ያለው ጄል ጋዝ ይሆንና ይነፋዋል።"

እኔ ከዚህ ሁሉ "ወደ ቤቱ ይመለሳል" የምትለዋን ብቻ ይዤ በር በሩን ሳይ ዋልኩ።

ሲመሻሽ አባዬ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ገባ። ከተፍኪ በእግሩ ነው የመጣው። እማዬ አቅፋው አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች።

"ሰው አይደውልም?"

"ስደውል ነው የዋልኩት! ስልክሽ ዝግ ነው።"

እማዬ ባልዲውን አየችና ሳቋ አመለጣት።

ዛሬም ባትሪዬን አሸዋ ያለበት ባልዲ ውስጥ ከትቼ ባልዲውን ይዤ ስወጣ አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ባልዲውን አይቶ፣

"ደሞ ማን አሰጣው?" አለኝ።