ገና በአንቀልባ ሳሉ አንቱ የተባሉት

ትናንት ፍኖተ ሰላም ላይ ልጄን ከትምህርት ቤት ተቀብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። «ጠጋ ይበሉ፣ ቦርሳዎን ለእኔ ይስጡኝ» ስል ሾፌሩ በመስታወቱ ቀና ብሎ አየን... ትልቅ ሰው ፈልጎ አጣ። ከኋላ የተቀመጡት አፋቸው ዙሪያ ሸንኮራ የተጣበቀባቸው የአንደኛ ክፍል ተማሪ ናቸው።

«ጋሼ፣ አንቱ የሚሉት ማንን ነው?»

«ልጄን።»

እኔ እንግዲህ አንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ አለቃዬን «አንተ» እያልኩ የምከራከር ሰውዬ ነኝ። ልጄን ግን አንቱ ነው የምለው። እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ።

ያኔ የምንኖረው ቡሬ ነበር። ባለቤቴ ትብለጥ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትገላገል፣ እልል ለማለት የተሰበሰቡት ጎረቤቶች እልልታቸውን እንደያዙ ቀሩ። ለወንድና ለሴት ቁጥሩ ይለያያላ... አዋላጇ አየች፣ ደግማ አየች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ በደንብ አስረዳችን። ጤንነት ላይ ምንም ችግር የለም፣ ግን ወንድ ይሁን ሴት በማየት ብቻ አይለይም፣ እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች አሉ፣ አዲስ አበባ ምርመራ ያስፈልጋል፣ መልሱም ጊዜ ይወስዳል። «ማንም አያጣድፋችሁ» አለችን።

ማን ሊያርፍ። ሰፈሩ በሙሉ «ምን ወለደች?» ይለኛል።

«ልጅ» እላለሁ።

«እሱማ ልጅ ነው... ምን ዓይነት?»

«የሚያለቅስ ዓይነት።»

ሰው ፊት እንዲህ እቀልድና ጓሮ ሄጄ ብቻዬን አለቅሳለሁ።

የትብለጥ ግን ባሰ። ልጇን ማናገር አቆመች። አማርኛችንን ታውቁታላችሁ፣ «ና» ወይ «ነይ»፣ «ጥባ» ወይ «ጥቢ» ሳይባል አንድ ቃል አይወጣም። «እሹሩሩ» ብላ ትጀምርና ቀጣዩ ቃል ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። አንድ ቀን «ተሳስቼ ብጠራና ኋላ ቅያሜ ቢሆንስ?» አለችኝ። ታጠባለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ልጃችን ያለ እናት ድምፅ ሊያድጉ ነው ብዬ ፈራሁ።

በዚህ መሀል አባቴ ከሊበን ወዲያ ካለው አገራችን ቅቤ ይዘው አራስ ሊጠይቁ መጡ። ገበሬ ናቸው፤ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ስለከረሙ ቃል ሳያገላብጡ አይናገሩም። በር ላይ ያዝኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ምን ሊሉ ይሆን ብዬ ዓይኔን ከዱላቸው ላይ አልነቀልኩም።

ባርኔጣቸውን አወለቁና ገቡ። አልጋው ዘንድ ሄደው ለአራሷ ሳይሆን ለጨቅላው እጅ ነሱ።

«እንኳን ደህና መጡ። መንገዱ አደከመዎ?»

ትብለጥ የጃጁ መሰላት። እሳቸው ምን ገዷቸው... «ሰዉስ እንዴት ተቀበለዎ? ቤቱ ጠበበዎ?» አሉና ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ሽማግሌውም አንቱ፣ ባልቴቷም አንቱ። አንቱ ወንድ ሴት አያውቅም። ሐኪም የራሱን ይፈልግ፣ አንቺ አንቱ በያቸውና አውጊያቸው።»

ትብለጥ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደና ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ጡቷን እያቀረበች «ይጥቡ እንጂ፣ እንግዳ ሆነው ይፈራሉ?» አለቻቸው። ያጠራቀመችውን ወሬ ሁሉ በዚያች ቀን ዘረገፈችው። «ያዛጋሉ እንዴ?»... «አሁንም አረጠቡብኝ?»... «ኧረ በእመቤቴ ይተኙ።» እኔ እዚያው ቆሜ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ሰፈሩ ግራ ገባው። አንዷ ጎረቤታችን «ባሕታዊ ተናግሮላቸው ይሆናል» ብላ እግራቸውን ስማ ሄደች።

የሐኪሞቹ መልስ ከስንት ምልልስ በኋላ መጣ። ትብለጥም «እሺ» ብላ ማጥባቷን ቀጠለች። ያን ያህል የፈራነው ቀን እንዲሁ አለፈ። አንቱው ግን ለምዶብን ቀረ። ልጃችንም ታሪኩን ያውቃሉ፤ አያታቸው በየዓመቱ ይነግሯቸዋል፣ በየዓመቱም እንግዳው የመጡበት መንገድ ይረዝማል።

ወደ ባጃጁ ልመልሳችሁ። ሾፌሩ አላስችል ቢለው ዞሮ ልጄን ራሳቸውን ጠየቃቸው። «እርስዎ ምን ሆነው ነው በዚህ ዕድሜዎ አንቱ የተባሉት?»

ሸንኮራቸውን ከአፋቸው አውጥተው «እንግዳ ነበርኩ፤ አሁን ለምጃለሁ» አሉት።

ስቆ ሊሞት። ስንወርድ «በሰላም ይግቡ» ብሎ ጎንበስ አለላቸው። እኔን ግን ዞሮም አላየኝ።

እና «ወንድ ናቸው ሴት?» ብላችሁ ልትጽፉ ጣታችሁ የተነሳ... እሱ የእሳቸው ጉዳይ ነው፣ አድገው ደስ ካላቸው ራሳቸው ይነግሯችኋል። እስከዚያው እናንተም አንቱ በሏቸው።