ፕላስተር ያለባቸው ቁልፎች

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጋና የሚሉት ዋናው የበልግ ዝናብ ቀረ። የነገሌ ቀይ አቧራ በመስኮት እየገባ ጥርስ መሃል ሲንቀጫቀጭ እስካሁን አፌ ውስጥ አለ። ከብት አለቀ፣ የእርዳታ ደብዳቤ በዛ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ነበርኩ፣ ሚልኪ ደግሞ ጸሐፊ።

ሚልኪ የአሬሮ ወረዳ ልጅ ናት። ግራ እጇን በልጅነቷ እሳት በልቶታል፤ የምትጽፈው በቀኟ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ለእሷ የማይሆን ነገር ነበር። ታዲያ ኮምፒውተሩን ለእጇ አበጀችው። አንዷን ቁልፍ ስትነካ የጻፈችው ይቀመጣል፤ ሌላዋን ስትነካ መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ከላይ የኦሮምኛው ደብዳቤ፣ ከታች የእሷ የአማርኛ ትርጉም። ቁልፎቹ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪፕቶ ምልክት አድርጋባቸዋለች። ባለ ሁለት እጆቹን ታስከነዳቸው ነበር።

«እማማ ደመቀች፣ እዩማ! አንድ እጅ፣ ሁለት መስኮት!» ትለኝና ትስቃለች።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ፣ እንዳሻው የሚሉት። ፕላስተሩን አየና «ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው ወይስ የቁስለኛ እግር? እንደ መጣ ይመለስ!» አለ። ባለሙያ ጠርቶ ያበጀችውን ሁሉ አስጠፋው። ፕላስተሩን በአልኮል ፍቆ ያነሳው ማን መሰላችሁ? እኔ! «አጽጂ» አለኝ፣ አጸዳሁ። እጄን ይቁረጠው!

በማግስቱ የፍጥነት ፈተና አለ፣ ያላለፈ ይሰናበታል ተባለ። ሚልኪ ቀድማ የቀዳችውን ቅንብሯን በፍላሽ ይዛ መጣች።

«አንድ ደቂቃ ይስጡኝ፣ ልጫነው።»

«ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል።»

«ጌታዬ፣ እርስዎን መነጽርዎን አውልቀው ያንብቡ ቢሉዎትስ?»

«ደፋር! ተቀምጠሽ ጻፊ!»

ጻፈች። ደብዳቤው ግማሽ ላይ ሳለ ሰዓቱ አለቀ። ያ ሁሉ ባለ ዲግሪ ቆሞ እያየ አንድ ሰው «ኧረ ተው» አላለም። እኔም ወለሌን መጥረጌን ቀጠልኩ። «ለቦታው አትመጥንም» የሚለውን ወረቀት እንኳ የጻፈላቸው ባለ ሁለት እጅ ስሟን አሳስቶታል።

በር ላይ ተከትያት «ልጄ፣ የፋቅሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ናጋ ነው፣ ሰላም ነው እማማ፣ አንቱ ምን ያድርጉ» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ዐምና ያቤሎ ሄጄ አገኘኋት። ከመናኸሪያው በር አጠገብ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ በራሷ ላፕቶፕ ለሰው ማመልከቻ ትጽፋለች። ቁልፎቹ ላይ ፕላስተር አለ።