የጣሊያኑን ሹም በአንድ ዓይን ሣልሁት

ዛሬ የጣሊያኑ ሹም ቡሬ ካለችው የሥዕል ትምህርት ቤታችን ገብቶ፣ በአስተርጓሚው በኩል «ሣለኝ» አለኝ።

በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ከሃዲ እንደ ይሁዳ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በጎን ሣልሁት!

ተማሪዎቼ አቀረቀሩ። ሹሙ ግን አፍንጫው አምሮለታል መሰል፣ ደስታውን አልቻለም።

አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፤ ድቁናም አለው። ሥዕሉን ትክ ብሎ አየ፤ እኔንም አየ። ለሹሙ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለው፤ ሹሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

አስተርጓሚው ወደኋላ ቀረት ብሎ፣ «መምህር፣ እኔን የሣሉኝ እንደሆነ በሁለት ዓይን ያድርጉልኝ» አለኝ።

ወዳጆቼ፣ እናንተ ብትሆኑ አስተርጓሚውን በስንት ዓይን ትሥሉታላችሁ?