ለእኔ የሚቀዳው አቦል

እግሬ አያርፍም። ልጄ «እማየ፣ አንችን ቤት የሚያስቀምጥሽ ዝናብ ብቻ ነው» ትለኛለች። እሱም ቢሆን ካፊያ ከሆነ አያስቀምጠኝም። ታዲያ ደብረ ማርቆስ ያለው የጀበና ቡና ቤቷ ሰው በዝቶለት አንድ አማኑኤል፣ አንድ ደግሞ ሉማሜ ቅርንጫፍ ስትከፍት፣ ለዚህ ለማያርፍ እግሬ ሥራ ተገኘለት።

«ሰው ማርቆስ የጠጣውን ሉማሜ ላይ ካጣው፣ የሚጠፋው የማርቆሱም ስም ነው» ትል ነበር። ቡናውን ሁሉ ራሷ ትቆላለች፤ ለሌላ እጅ አትሰጥም። አስፈጭታ፣ በፌስታል ቋጥራ በሚኒባስ ትልካለች። ጀበናው ከአንድ ሸክላ ሠሪ፣ ሲኒው ከአንድ ሱቅ ነው። «የቀረው ጣዕሙ ነው፤ እሱን አንች ቅመሽልኝ» አለችኝ። ፊደል ባልቆጥርም ቡና ጠጥቼ ነው ያረጀሁት፤ እሺ አልሁ።

ሥራውን ወደድሁት። ሚኒባስ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ጤፉና ስለ ልጁ እያወራሁ እወርዳለሁ። ሉማሜ ላይ የምታፈላው ልጅ ከደብረ ኤልያስ የመጣች፣ ሰው አክባሪ ናት። ገና ከመኪና ስወርድ ስታየኝ «ኖር፣ እማማ!» ብላ ትነሣለች፤ ወንበሩን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግልኛለች። ከዚያ አዲስ ጀበና ጥዳ አቦሉን፣ የመጀመሪያውን ወፍራሙን ትቀዳልኛለች። ትልቅ ሰው ባለበት አቦል ለሌላ አይቀዳም፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። መርቄ እጠጣለሁ።

ማርቆስ ስመለስ ልጄ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«እህስ፣ የሉማሜው?»

«ቁርጥ የኛው!»

ፊቷ ይበራል።

ኋላ ወሬ መጣ። ሹፌሮች ሉማሜ ሲደርሱ የልጄን ቤት እያለፉ ማዶ ካለው ሻይ ቤት መግባት ጀመሩ። አንዱ ሹፌር ማርቆስ ቡናውን እየጠጣ፣ እኔው ፊት «እቱ፣ ይህ ቡና ነው። የሉማሜሽ ግን እግር መታጠቢያ ነው» አላት። ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«የማዶዎቹ ያስወሩት ይሆናል» አልሁ። «እኔ ትናንት ጠጥቼ መጥቼ የለም እንዴ?»

አመነችኝ። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ።

በጥቅምት ብርድ ጥርሴን አሞኝ፣ እስከ ዓይኔ በጋቢ ተሸፋፍኜ ሉማሜ ወረድሁ። የአዲስ አበባው አውቶብስ ቆሞ ተሳፋሪው ደጁን ሞልቶታል። አግዳሚው ላይ ከእነሱ መካከል ተቀመጥሁ። ልጅቱ ቀና ብላም ሳታየኝ ሲኒ አቀበለችኝ። ፉት አልሁ። ቀለም እንጂ ቡና አልነበረም። ሰው ሲበዛባት አተላው ላይ ውሃ እየጨመረች መልሳ መላልሳ ታፈላው ኖሯል።

«እናትየ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ድምፄን ለየችው። «ውይ በሞትሁት! እማማ ነዎት እንዴ?» ሲኒውን ከእጄ ነጥቃ ደፋችው። «ይህ ለእርስዎ ይሆናል? ቆዩኝ፣ አቦል ልጣድልዎ።»

«ለእነሱስ?»

«እነሱማ መንገደኛ ናቸው። አውቶብሱ ጥሩምባ ሲነፋ ጥለውት ይሄዳሉ፤ ማን ያጣጥመዋል?»

አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ ሳቀ። «እማማ፣ እባክዎ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ይቀመጡልን!»

ልቆጣት ብዬ ተውሁት። ክፋት የለባትም እኮ፤ ያከበረችኝ መስሏት ነው። እኔም መከበሬን ነበር ስጠጣ የኖርሁት።

ለልጄ ሁሉንም ነገርኋት። «ስጠይቅሽ እኮ ነበር፣ እማየ» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሉማሜ ወርዳ ራሷ ማፍላት ያዘች። አቦልና ቶና፣ ሁለተኛው ማለት ነው፣ ከተቀዳ በኋላ አተላው እንዲደፋ አዘዘች። ቡናው አሁን እውነትም የማርቆሱ ሆነ። ጠጪው ግን አልተመለሰም። መንገደኛ አንዴ ከተሻገረ ማን ሄዶ «አሁን ደህና ሆነ፣ ና» ይለዋል? ፋሲካ ሳይደርስ ቤቱን ዘጋችው። ጀበናዎቹን በጭድ ጠቅልለን ስንጭን ልጅቱ ታለቅስ ነበር። ልጄ አማኑኤል ወስዳ አስገባቻት።

አማኑኤል እስከ ዛሬ እሄዳለሁ። «ለሰው ከቀዳሽው ቅጅልኝ» ስላት «ነውር አይደለም እንዴ፣ እማማ?» ብላ ያንኑ አቦሏን ታመጣለች። ስለዚህ ዞር ስትል አጠገቤ ያለውን መንገደኛ «ልጄ፣ ሲኒ እንለዋወጥ» እላለሁ። ይደነግጣሉ። በቀደም አንዱ «አሮጊቷ ምን ጨምረውበት ይሆን» ብሎ መጀመሪያ አሽትቶ ነው የጠጣው። የእሱን ቶና ጠጣሁ፤ ደህና ነበር።

ማርቆስ ገብቼ «የአማኑኤሉ ደህና ነው፤ ከሰው ሲኒ ቀምሼ ነው» አልኋት። «እሺ፣ እማየ» አለች፣ ብርጭቆ ማጠቧን ሳታቋርጥ። በር ላይ ቆማ መጠበቁን ከተወችው ቆይታለች። አሁን ሳልጠየቅ ነው የምነግራት።