የአማትየው በር እጀታ

ሥራዋ የብረት ዕቃ እንዲያብረቀርቅ በኒኬል መለበጥ ነው። የሰፈሩ ሰው «ኒኬሏ» ይላታል፤ ስሟንማ ከነጭራሹ ረስቶታል። እጇን የሚጠራጠር የለም፣ ከአማቷ በስተቀር። አማትየው እሷ ያጠበችውን ብርጭቆ እንኳ ደግመው ያጥቡታል!

እኚሁ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ አንድ ቀን የበራቸውን እጀታ አስነቅለው ያመጡላት። ነሐስ አቅላጭ የነበሩት ሟች ባላቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። «ከሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው» አሏት። «መወልወሉን ክንዴ አልችል አለ። መስታወት አድርጊልኝ። ካበላሸሽው ግን ወዮልሽ!»

ኒኬሏ በደስታ የምትሆነውን አጣች። በስንት ጊዜዋ ታመነች! ምን ዋጋ አለው፣ ጥንቃቄዋ ጉድ ሠራት። እንከን እንዳያገኙባት ብላ እጀታውን ማጽጃው አሲድ ውስጥ «ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ» ስትል ከልክ በላይ አቆየችው። ከዚያ ኒኬሉ ገንዳ ውስጥ ነክራ፣ ኒኬሉ እንዲለብሰው ኤሌክትሪኩን ለቀቀችበት።

ስታወጣው ክው አለች። መስታወት የት አባቱ! እጀታው አበባ በአበባ ሆኗል፤ አንዱ ቦታ ያበራል፣ ጎኑ ያለው ደብዝዟል። ነገሩ ወዲያው ገባት። ነሐስ ቀልጦ ሲረጋ ቅንጣት በቅንጣት ሆኖ ነው፤ በዝግታ ከቀዘቀዘ ቅንጣቶቹ ይተልቃሉ፣ እያንዳንዱም ፊቱን በየራሱ አቅጣጫ ያዞራል። ሲወለወል ይሄ ሁሉ ይሸፈናል። አሲዱ ግን ገልጦታል፤ ኒኬሉም የየቅንጣቱን ፊት ተከትሎ አንዱ ላይ ፈጥኖ፣ አንዱ ላይ ዘግይቶ አደገበት።

ፍቄ ልድገመው አለች። ግን የሟቹ አውራ ጣት ዕድሜ ልኩን ያጎደጎደው ቦታ አብሮ ሊፋቅ ነው። መፋቂያውን መልሳ አስቀመጠችው። «የፈሩት ይደርሳል» ብላ እንዳለ ይዛው ሄደች።

አማትየው ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ኒኬሏ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ…»

«ዝም በይ!» ጣታቸው አበቦቹ ላይ ይሄዳል። «ያ ሰው ‹አንቺ ሴትዮ፣ አትፈትጊው፤ የሰው እጅ ላብ ሲበዛበት አበባው ይወጣል› ይለኝ ነበር። የስንፍናው ሰበብ መስሎኝ፣ ጠዋት ጠዋት በእልህ ስፈትገው ኖርኩ።» ሳቁ፤ እንባቸው ግን ዓይናቸውን ሞልቶታል። «ይኸው፣ ሞቶም ረታኝ!»

እጀታውን ኒኬሏ ራሷ ገጠመችው። ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ ብርጭቆዎቹን አጠበች። አማትየው አንዱን አንስተው ወደ ብርሃን አዩትና መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።